አከራያችን፣ ሱፐርቦይ እና እፍ
መብራት በጠፋበት ማታ የእህቴ ልጅ ያዘኝ። ደሴ ነን፤ የጦሳ ብርድ በበሩ ስር ይገባል፣ የልጁ ስልክ ባትሪ ጨርሷል።

«አጎቴ፣ ሌክስ ሉተር ግን ሱፐርማንን ለምን ጠላው?»

ይቺን ጥያቄ እወዳታለሁ። ቂም የሌለው የኮሚክ ክፉ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ጀመርኩለት። በፈረንጆች 1960 በወጣው ታሪክ ሁለቱ በልጅነታቸው ጓደኛሞች ነበሩ። የሉተር ቤተ ሙከራ በእሳት ሲያያዝ ሱፐርቦይ፣ ማለትም ልጁ ሱፐርማን፣ እፍ ብሎ አጠፋለት። ግን ኬሚካሉ ተደፋና የሉተር ፀጉር ረገፈ። «በችሎታዬ ቀንቶ ነው» አለ ሉተር። በቃ፣ ደመኛ ሆኑ።

ጎረቤታችን እማማ ክብሪት ሊዋሱ የገቡት እዚህ ላይ ነው። የሰሙት «ጓደኛው እፍ ሲል ፀጉሩ ረገፈ፣ አሁን ሊያጠፋው ይፈልጋል» የሚለውን ብቻ ነው። ክብሪቱን ሳይወስዱ ወጡ።

አከራያችን ጋሼ መላጣ ናቸው። ከአብሮ አደጋቸው ጋር ደግሞ በአጥር ምክንያት ተኳርፈዋል።

ጠዋት ለቡና ስጠራ ግቢው ሞልቷል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ሼሁና ቄሱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወሎ ነው፤ ለእርቅ ሲሆን ሁሉም ይመጣል። አከራዬ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተዋል።

«ማነው እፍ ያለብኝ?»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ የሥዕል መጽሐፍ ነው።»

«ሲያዝ ሁሉም መጽሐፍ ነው ይላል» አሉ አንድ ሽማግሌ።

የእህቴ ልጅ ሊያድነኝ ብሎ የሌሎቹንም የኮሚክ ክፉዎች ገመና አወጣ። ዶክተር ዱም ከሞተች እናቱ ጋር ለመገናኘት ማሽን ሠራ። ሪድ ሪቻርድስ የሚባል ሌላ ሳይንቲስት «ስሌትህ ተሳስቷል» ቢለው አልሰማም። ማሽኑ ፈነዳ፣ ፊቱ ተበላሸ፣ ጥፋቱን በመካሪው ላከከ።

እማማ እንባቸው መጣ። «እኔን! ለእናቱ ብሎ እኮ ነው። ዱዓ ይደረግለት።» ሼሁ ግን አልተዋጠላቸውም። «ሲመክሩት ለምን አልሰማም?»

ታኖስ ላይ ደረስን። በ1991ዱ ኮሚክ፣ በሴት አምሳል የተሳለችውን ሞትን አፍቅሮ፣ እሷን ደስ ለማሰኘት ግማሹን ፍጥረት ያጠፋል። ቄሱ አማተቡ።

«ሽማግሌ ልኮ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?» አሉ እማማ።

«ማንን? ሞትን?»

«ታዲያ እሷስ ቤተሰብ የላትም?»

የማግኔቶ ቤተሰብ በናዚዎች እጅ ማለቁ ሲነገር ግን ማንም አልቀለደም። እማማ ለእሱ ፍርድ ከለከሉ።

ጆከር በአንድ ድምፅ ወደቀ። በ1951 ታሪክ ኬሚካል ውስጥ የገባ ወንበዴ ነው፣ በ1988ቱ ሥራ ያልቀናው ቀልደኛ፤ ራሱም ያለፈውን አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ እንደሚያስታውሰው ይናገራል። «ቃሉ የሚለዋወጥ ሰው ለእርቅ አይቀመጥም» ተባለ።

እኔማ የተረሳሁ መስሎኝ ነበር። በረካው ሲቀዳ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ።

«እፍ ያለው ልጅ ዓርብ ይቅረብ።»

«አይመጣም» አልኩ።

«ዘመድስ የለውም?»

«አገሩ ክሪፕተን ፈንድታለች» አለ የእህቴ ልጅ፣ ማን ጠየቀው!

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እንግዲያው ዋሱ አንተ ነህ» አሉኝ።

አከራዬ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ካሳው ከኪራዩ ጋር አብሮ ይምጣልኝ።»