በቅድመ ክፍያ ሲም በዋይፋይ መደወል፦ እንዴት እንዳስጀመርኩትና ምን እንደተማርኩበት

የምኖርበት ቤት ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት በመሆኑ፣ በር ላይ ሙሉ የነበረው የሞባይል ኔትወርክ ሳሎን ስደርስ ከአንድ መስመር አያልፍም፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። የቤቱ ኢንተርኔት በአንጻሩ ደህና ስለሆነ፣ ብዙ ሰው በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ደውለህ ጉዳይህን ጨርስ ይለኝ ነበር። እናቴ ግን የምትይዘው ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ነው፤ ባንኩም የማረጋገጫ ቁጥር የሚልክልኝ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንጂ በቴሌግራም አይደለም። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ሌላ መተግበሪያ ሳይሆን፣ የራሴ ስልክ ቁጥር ኔትወርክ በሌለበት ክፍል ውስጥም እንዲሠራ ማድረግ ነበር። የዋይፋይ ጥሪ የሚባለውን አገልግሎት በቅድመ ክፍያ ሲሜ ላይ ያስጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩን አስቀድሞ መረዳቱ በኋላ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ስልኩ ዋይፋይ ሲያገኝ፣ በኢንተርኔት በኩል ኦፕሬተሩ ለዚሁ ሥራ ወዳዘጋጀው መግቢያ የተመሰጠረ መስመር ይከፍታል። ማንነቱን የሚያረጋግጠው በይለፍ ቃል ሳይሆን በሲም ካርዱ ውስጥ በተቀመጠው ሚስጥራዊ ቁልፍ ነው። መስመሩ ከተከፈተ በኋላ ጥሪውም መልእክቱም ልክ በሞባይል ኔትወርክ ማማ በኩል እንደመጣ ሁሉ በኦፕሬተሩ የጥሪ ሥርዓት ውስጥ ያልፋል፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው የሚያየው የተለመደውን ቁጥሬን ስለሆነ፣ እኔ በዋይፋይ መደወሌን የሚያውቅበት መንገድም የሚያስፈልገው ዝግጅትም የለም። ከዚህ እንደምንረዳው ነገሩ እንዲሳካ ሦስት ወገኖች መስማማት አለባቸው፤ ኦፕሬተሩ፣ ስልኩና የዋይፋዩ ራውተር። አንዱ እንቢ ካለ ስልኩ ምክንያቱን ሳይነግረን ዝም ብሎ ወደ ደካማው ኔትወርክ ይመለሳል። በእኔ እምነት ሰዎች ተስፋ ቆርጠው የሚተዉት በዚህ ዝምታ ምክንያት ነው፤ ሦስቱን ለየብቻ መፈተሽ ግን ከባድ አይደለም።

የጀመርኩት ከኦፕሬተሩ ነው፤ ምክንያቱም ቅድመ ክፍያ የሚለው ጉዳይ ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው እዚያ ነው። አንድ ኦፕሬተር ለድኅረ ክፍያ ደንበኞቹ የዋይፋይ ጥሪ ፈቅዶ ለቅድመ ክፍያ ሊከለክል ይችላል፤ የሌላውን ኔትወርክ ተከራይተው የሚሸጡ ድርጅቶች ደግሞ ዋናው ኦፕሬተር ያለውን ሁሉ ላያቀርቡ ይችላሉ። ለደንበኞች አገልግሎት ስደውል የመጀመሪያው መልስ «አዎ፣ አገልግሎቱ አለን» የሚል ነበር። የጥቅሌን ስም ጠርቼ «በዚህ ጥቅል ላይ፣ በዚህ ቁጥር ላይ ተከፍቷል ወይ?» ብዬ በድጋሚ ስጠይቅ ግን፣ ለቅድመ ክፍያ የሚከፈተው ደንበኛው ሲጠይቅ ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ፤ ወዲያው እንዲከፈትልኝ አደረግሁ። አለ በሚለውና ለእኔ ተከፍቷል በሚለው መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ፣ ጥያቄውን በጥቅሉ ስምና በስልክ ቁጥሩ ማቅረብን እመክራለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ሂሳብ ነበር። በዋይፋይ መደወል ነፃ ነው የሚለው እምነት በጣም ተስፋፍቷል፤ ግን ጥሪው የሚያልፈው በኦፕሬተሩ ሥርዓት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንደ መደበኛ ጥሪ ይታሰባል። በቅድመ ክፍያ ደግሞ ሂሳቡ የሚቆጠረው እየተነጋገርን ሳለ ነው፤ ቀሪው ሲያልቅ ወሬው መሐል ላይ ይቋረጣል። የተነገረኝን ለማረጋገጥ ከአንድ ጥሪ በፊትና በኋላ ቀሪዬን አነጻጸርኩ። የተቀነሰው ከድምፅ ጥቅሌ ደቂቃ ሲሆን፣ የሞባይል ዳታዬ አልተነካም። ይህ በሁሉም ኦፕሬተር ዘንድ አንድ ዓይነት ስለማይሆን፣ በተለይ ጥቅል ገዝቶ የሚጠቀም ሰው ጥሪው ከጥቅሉ ይቀነስ ወይስ ከዋናው ሂሳብ ይቆረጥ ብሎ በራሱ ሲም መፈተሽ አለበት።

ስልኩን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። አፕል ይህን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2014 ከአይኦኤስ 8 ጋር ወደ አይፎን ካስገባው በኋላ አንድሮይድ ስልኮችም በስፋት ስለያዙት፣ ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ ችሎታው ሳይኖረው አይቀርም። በአይፎን ሴቲንግ ውስጥ ሴሉላር በሚለው ሥር ይገኛል፤ በአንድሮይድ ቦታው ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ፣ በሴቲንጉ መፈለጊያ ላይ ዋይፋይ ኮሊንግ ብሎ መጻፍ ይቀላል። ምርጫው ከነጭራሹ ካልታየ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ስልኩ አለመቻሉ ሳይሆን የኦፕሬተሩ ማስተካከያ ፋይል በስልኩ ላይ አለመኖሩ ነው፤ ለሌላ ገበያ ተሠርተው በሚመጡ ስልኮች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሶፍትዌሩን ማደስና ስልኩን አጥፍቶ ማብራት አንዳንዴ ያመጣዋል። ሁለት ሲም ያለው ስልክ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ መስመር ለየብቻ ይበራል።

አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ «ዋይፋይ ይቅደም» ወይም «የሞባይል ኔትወርክ ይቅደም» የሚል ምርጫ አለ። እንደ እኔ ሳሎን ኔትወርኩ ደካማ ሆኖም ጨርሶ በማይጠፋበት ቦታ፣ ሁለተኛው ከተመረጠ ስልኩ ያችን አንዲት መስመር ሙጭጭ ብሎ ይይዝና ዋይፋዩን ሳይጠቀምበት ይቀራል። ዋይፋይ ይቅደም የሚለውን ስመርጥ ልዩነቱ በዚያው ዕለት ታየኝ፤ ስልኩ በጥሪ ጊዜ ሩቅ ያለውን ማማ ለማግኘት በከፍተኛ ኃይል ማሰራጨቱን ስለቀነሰ ባትሪውም ከቀድሞው ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ጀመረ።

ሁሉም ነገር እንደሠራ የሚያረጋግጠው ፈተና የማማውን ግንኙነት የሚያጠፋው ፍላይት ሞድ ነው። ማብሪያው ላይ አረንጓዴ መታየቱ በራሱ ማስረጃ አይሆንም። ፍላይት ሞዱን አበራሁ፤ ዋይፋዩም አብሮ ስለጠፋ እሱን ብቻ መልሼ ከፈትኩት። የኦፕሬተሩ ስም የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ጥቂት ሰከንዶች ቆየ፤ ከዚያ ስሙ ከጎኑ «ዋይፋይ» የሚል ቃል ይዞ ተመለሰ። ለወንድሜ ደወልኩለት። «ዛሬ ደግሞ ከየት ነው የምትደውለው? ጎን ለጎን የተቀመጥን ነው የሚመስለው» አለኝ። ድምፁ እንዲህ የጠራው፣ በዋይፋይም ሆነ በፎርጂ የሚደረገው ጥሪ ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ ከቀድሞው ሰፋ ያለ የድምፅ ክልል ስለሚያስተላልፍ ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን የሁለቱም ወገን ስልክና ኔትወርክ ሲችል ብቻ ነው። ቀጥሎ እሱ እንዲደውልልኝና መልእክት እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። መደወሉ ሠርቶ መቀበሉ ወይም መልእክቱ የሚቀርበት ጊዜ ስላለ፣ ሦስቱንም ሳላይ ተሳክቷል ማለት አልፈለግሁም። የባንኩን የማረጋገጫ ቁጥርም እዚያው በፍላይት ሞድ ሆኜ አስልኬ ተቀበልኩ።

ራውተሩ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እኔ ስደውል ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ በኋላ ግን የሚደውልልኝ ሰው አያገኘኝም። ምክንያቱ የተመሰጠረው መስመር የሚያልፍበት መንገድ ነው። ይህ መስመር የሚሄደው ዩዲፒ በሚባለው የመረጃ አላላክ፣ ወደብ በሚባሉት የመግቢያ ቁጥሮች 500 እና 4500 በኩል ነው። ራውተሩ በዚያ መንገድ ለጥቂት ጊዜ ምንም ሲያልፍ ካላየ መንገዱን ይዘጋዋል፤ በዚህ ጊዜ ስልኩ አሁንም የተገናኘ ይመስለዋል፣ ከውጭ የሚመጣው ጥሪ ግን የሚገባበት በር የለውም። የራውተሩን ሶፍትዌር አደስኩ፣ የፋየርዎሉን (ግንኙነቶችን የሚያጣራውን የራውተሩን መከላከያ) ደረጃ ከከፍተኛ ወደ መካከለኛ አወረድኩ፣ አይፒሴክ የሚባለውን የተመሰጠረ ግንኙነት እንዲያሳልፍ የሚፈቅደውንም ምርጫ አበራሁ። ከዚያ በኋላ ችግሩ አልተመለሰም።

ይኸው ምክንያት፣ በአንዳንድ መሥሪያ ቤትና ሆቴል ዋይፋይ ላይ ድረ ገጽ በደንብ እየተከፈተ ጥሪው ለምን እንቢ እንደሚል ያስረዳል፤ እነዚያ ኔትወርኮች ከድረ ገጽ በስተቀር ሌላውን መንገድ ይዘጋሉ። መጀመሪያ በብራውዘር ገብቶ ስም ወይም ኮድ መሙላት የሚጠይቅ ዋይፋይም ያ እስኪሞላ ድረስ ጥሪ አያሳልፍም። በስልኩ ላይ ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን በሌላ መስመር አዙሮ የሚያሳልፍ መተግበሪያ) የሚጠቀም ሰው የዋይፋይ ጥሪው አልሠራ ካለው በመጀመሪያ ማጥፋት ያለበት እሱን ነው።

ጥሪው ብዙ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በየአቅጣጫው በሰከንድ ወደ 100 ኪሎቢት ገደማ ይበቃዋል። የሚጎዳው ፍጥነት ማነሱ ሳይሆን መዘግየቱና መቆራረጡ ነው። እቤት ውስጥ አንድ ሰው ትልቅ ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት ሲጭን በስልክ የማነጋግረው ሰው ድምፅ ለእኔ ጥርት ብሎ እየተሰማ፣ የእኔ ግን እዚያ ማዶ ይቆራረጥ ነበር፤ ምክንያቱም የሚጨናነቀው የሚወጣው መስመር ነው። በራውተሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጠውን ማስተካከያ ማብራት ይህን በእጅጉ ቀንሶታል። ከራውተሩ ራቅ ባለው መኝታ ክፍል ደግሞ 5 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ሞገድ ግድግዳውን በደንብ ስለማያልፍ ስልኩን 2.4 ላይ ማገናኘቱ ይሻላል።

ቅድመ ክፍያ ተጠቃሚን ብቻ የሚመለከት አንድ ችግር አለ፤ ማንም አስቀድሞ ሲያነሣው ስላልሰማሁ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ሁላችንም ቀሪ ሂሳብ የምናየውም ካርድ የምንሞላውም በኮከብ ጀምሮ በመሰላል በሚያልቀው ኮድ ነው። ይህ ኮድ የሚሄደው በማማው ኔትወርክ በኩል በመሆኑ፣ ስልኩ በዋይፋይ ብቻ ሲሆን ብዙውን ጊዜ አይሠራም። ፍላይት ሞድ ላይ ሆኜ ስሞክረው ስልኩ ትንሽ አሰብ አድርጎ የግንኙነት ችግር አለ የሚል መልእክት አወጣ። ይህ ማለት ኔትወርክ በሌለው ክፍል ውስጥ ሂሳቡ ያለቀበት ሰው፣ ዋይፋይ ከፊቱ እያለ ሂሳብ ለመሙላት ደጅ መውጣት ሊኖርበት ነው። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ የኦፕሬተሩን መተግበሪያ ጭኖ በቁጥር መመዝገብ፣ ወይም ከባንክ መተግበሪያ በቀጥታ ወደ ሞባይል ሂሳብ መሙላትን መልመድ። እኔ ሁለቱንም አዘጋጅቻለሁ፤ ሂሳቤም እስኪያልቅ አልጠብቅም።

እየተነጋገሩ ከቤት መውጣትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ስልኩም ኦፕሬተሩም ቮልቲኢ የሚባለውን በፎርጂ ላይ የሚደረግ የድምፅ ጥሪ የሚደግፉ ከሆነ ጥሪው ከዋይፋይ ወደ ማማው ሳይቋረጥ ይሻገራል። አካባቢው ላይ ያለው ቱጂ ወይም ስሪጂ ብቻ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቋረጣል። ስለዚህ ቮልቲኢ በቅድመ ክፍያው መስመር መከፈቱንም በዚያው የደንበኞች አገልግሎት ጥሪ ላይ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው ማብሪያም መብራት አለበት።

ስለ ድንገተኛ አደጋ ጥሪ በቁም ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ስልክ በማማ በኩል ሲደውል የቦታው ግምት ከማማው ይገኛል፤ በዋይፋይ ሲሆን ግን የሚታወቀው የኢንተርኔቱ አድራሻ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ሰውየው የቆመበትን ቤት አያሳይም። በአንዳንድ አገሮች አገልግሎቱ ሲከፈት የቤት አድራሻ የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ ቤት የቀየረ ሰው እሱንም መቀየር አለበት። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ስልኩ ባትሪ እያለው መስመሩ ይሞታል። ቤት ውስጥ ለቆየ ሰው፣ በተለይ ለታመመና ለአረጋዊ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለራውተሩ ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ገዝቻለሁ፤ ለቤተሰቤም ጭንቅ ሲመጣ አድራሻውን በቃል መናገር እንዳለባቸውና፣ ጥሪው እንቢ ካለ ወደ በሩ ወጥተው መደወል እንዳለባቸው ነግሬአቸዋለሁ።

ሲሙን ይዞ ወደ ሌላ አገር ለሚሄድ ሰው ደግሞ ኦፕሬተሮች ይለያያሉ። አንዳንዱ በዋይፋይ የተደረገውን ጥሪ አገር ቤት እንደተደረገ ይቆጥረዋል፤ አንዳንዱ ከውጭ አገር የሚመጣውን ግንኙነት ጭራሹን ይዘጋዋል። የሚፈቀድ ቢሆንም እንኳ ስልኩ ፍላይት ሞድ ላይ ካልሆነ ዋይፋዩ በደከመ ቅጽበት ወደ ባዕዱ ኔትወርክ ሊሻገርና ሂሳቡን በሮሚንግ (በሌላ አገር ኔትወርክ የመጠቀም) ዋጋ ሊጨርሰው ይችላል። እዚያው ያለ ሰው ጋር በአገሩ ቁጥር መደወልም አብዛኛውን ጊዜ ከቤት እንደተደወለ ዓለም አቀፍ ጥሪ ነው የሚታሰበው። ስለዚህ ከመነሣቴ በፊት ዋጋውን በጽሑፍ ጠይቄ መልሱን አስቀምጣለሁ፤ ሮሚንጉንም በስልኩ ላይ ብቻ ሳይሆን በኦፕሬተሩ በኩል አዘጋለሁ።