ጉምሩኩ እናቴ ሳሎን ውስጥ ነው

እናቴ ሳሎን ምንጣፉ ላይ አራት ሻንጣ ተከፍቷል። ሁለቱ የእኔ፣ ሁለቱ የእሷ። እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ሚዛኑን ከጎረቤት ተውሳ አምጥታለች። በረራችን ማታ ነው። እኔ በርከክ ብዬ እንደ ፈታሽ አንድ በአንድ ፌስታል እየፈታሁ ነው።

"እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሽሮ ነው።"

"ይሄስ?"

"እሱም ሽሮ ነው።"

"ሽሮ ሲነኩት አይንኮሻኮሽም እኮ።"

ዝም አለች። ቋንጣ ነበር። በርበሬና ጨው ጠጥቶ፣ በደንብ ደርቆ፣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሏል። "ለልጆቹ ነው" አለችኝ። ልጆቼ ቋንጣ አይበሉም። ለእኔ ነው። ሁለታችንም እናውቃለን።

ድሮ ሻንጣዬ ውስጥ ምን እንዳለ የማውቀው ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሼ ስከፍተው ነበር። እናት ትሸክፋለች፣ ልጅ ይሸከማል፣ በቃ። ይህን ያበላሸብኝ ግሎባል ኤንትሪ ነው፤ አመልክተህ፣ ከፍለህ አሜሪካ ስትገባ የኢሚግሬሽኑን ሰልፍ የምትዘልበት አባልነት።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስቴ፣ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። እናቴ ግሪን ካርድ ስላላት አንዳንዱን ጉዞ አብረን ነን። የሚመላለስ ሰው የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ጠዋት ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠህ እግርህ አብጧል። የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ እባብ መስሎ ተጠማዟል። ከፊትህ ያለው ልጅ ያለቅሳል። አንተም ማልቀስ አምሮሃል።

አንድ ጓደኛዬ ነው "መቶ ዶላር ከፍለህ ለአምስት ዓመት አትገላገልም?" ያለኝ። እውነቱን ነው፣ ያኔ 100 ዶላር ነበር። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ 120 ሆኗል። ባለቤቴ "ነገ እሞላዋለሁ፣ ነገ እሞላዋለሁ" ስትል ቆይታ 120 ከፍላለች፤ እስካሁን እቀልድባታለሁ። ደግነቱ በዚያው ጊዜ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጃቸው አባል ከሆነ ወይም አብሯቸው ካመለከተ ነፃ ሆኗል። ልጆች ግን በወላጅ አባልነት አያልፉም። የሚታዘለው ሕፃን እንኳ የራሱ ሊኖረው ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት። ዜግነት ያለው ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ግሪን ካርድ ያለውም ማመልከት ይችላል። ይህን ባለማወቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰልፍ የቆመ ሰው አውቃለሁ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት በቪዛ ለሚመጣ ግን አይሆንም፤ ከአሜሪካ ጋር የተስማሙ የተወሰኑ አገሮች ዜጎች ካልሆኑ በቀር ለጎብኚ አይሰጥም። የከፈልከው ገንዘብ ደግሞ ቢከለክሉህም አይመለስም።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው። የአምስት ዓመት አድራሻ፣ የአምስት ዓመት ሥራ፣ የሄድክባቸው አገሮች። አድራሻው ላይ ጉድ ፈላ። እኔ በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ቤዝመንት፣ አንድ የአክስቴ ልጅ ቤትና አንድ አፓርትመንት ኖሬያለሁ። የአንዱን ቤዝመንት ቁጥር ለማግኘት የድሮ የመብራት ቢል ስፈልግ አመሸሁ።

ከሁሉ የባሰው ስም ነው። የእኛን ስም ይህ አገር እስካሁን አልገባውም። ፓስፖርቴ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው። አንድ የድሮ የሥራ ወረቀቴ ላይ የአባቴ ነው። የእኔው ስም ደግሞ አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ። ቅጹ "ሌላ የተጠቀምክበት ስም አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን "ምን ሌላ ስም አለኝ? ወንበዴ ነኝ እንዴ?" ብለን እናልፈዋለን። ጻፉት ባይ ነኝ። ሁሉንም ጻፍኩ፤ ዝርዝሩን ሳየው ራሴን ተጠራጠርኩ።

መጀመሪያ የሚመጣው በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ፈቃድ ነው። ከዚያ ቃለ መጠይቅ አለ። ቀጠሮ ይዞ ቢሮ መሄድ ይቻላል። እኔ ግን ቀጠሮ ሳልይዝ ከአዲስ አበባ ስመለስ እዚያው ደለስ ጨረስኩት። ከውጭ አገር የገባ መንገደኛ ይህን አሠራር ባለባቸው ኤርፖርቶች እዚያው ለኦፊሰሩ ነግሮ ቃለ መጠይቁን ማድረግ ይችላል። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። አሻራ፣ ፎቶ፣ ጥቂት ጥያቄ። ኦፊሰሩ የስሞቼን ዝርዝር አይቶ "እነዚህ ሁሉ አንተ ነህ?" አለኝ። የመጀመሪያው እኔ፣ ሁለተኛው አባቴ፣ ሦስተኛው አያቴ ነው አልኩት። "ስለዚህ ሦስታችሁም መጥታችኋል ማለት ነው" አለ። ፈረንጅ አንዳንዴ ጨዋታ ያውቃል።

በመጨረሻ ግን ያልረሳሁትን ነገር ነገረኝ። ምግብ ይዘህ ከሆነ ሁሌም ተናገር አለ። የተከለከለ ይዘህ ብትናገር ዕቃው ይወሰድብሃል፣ ትሄዳለህ። ደብቀህ ብትያዝ ግን ቅጣቱ አለ፣ አባልነቱም ሊሰረዝ ይችላል። ስለ ሽብር ወይም ስለ ዕፅ ሊያስፈራራኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ሰውዬው የጨነቀው ስለ ሥጋና ስለ ተክል ነው።

እንዲህ ሆኖ ጉምሩኩ ከደለስ ተነስቶ እናቴ ሳሎን ገባ። ፈታሹም እኔ ሆንኩ።

አሁን ሕጉን በቃሌ እይዘዋለሁ። የተቆላ ቡና፣ ችግር የለም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ ተፈጭቶ የደረቀ ነው፣ ተናግረህ ታልፋለህ። ቋንጣ ሥጋ ነው፣ አይገባም። የሚዘራ ዘር ያለ ወረቀት አይገባም። ከነሥሩ የተነቀለ ጤና አዳም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መሄድ ደግሞ የእናቴ ሙከራ ነው፤ "መድኃኒት ነው በላቸው" ብላኝ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ስጠቀምበት እንደ ሚኒስትር ነው የተሰማኝ። ማሽኑ ፊት ቆምኩ፣ ፊቴን አነሳ፣ ሂድ አለኝ። ፓስፖርቴን እንኳ ያሳየሁ አልመሰለኝም። ሰልፉን በጎን አልፌ ሻንጣ መውሰጃው ጋ ደረስኩ። ከዚያ ሻንጣዬን ስጠብቅ ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። አንዷ ሴትዮ "ቀድመኸን አልሄድክም እንዴ?" አለችኝ። ሻንጣ ግሎባል ኤንትሪ የለውም።

ትልቁ ሞኝነቴ ግን ከእናቴ ጋር የተጓዝኩ ዕለት ነው። እሷ ግሎባል ኤንትሪ የላትም። እኔ በዚህ፣ እሷ በዚያ። "ሂድ፣ እኔ እመጣለሁ" አለችኝ። ሄድኩ! እንግሊዝኛ የማትችል እናቴን ሰልፍ ላይ ትቼ። ደግሞ ፈረንጅ የሰጣት ልደቷ ጃንዋሪ 1 ነው፤ "መቼ ተወለድሽ?" ብለው ቢጠይቋት "በጥቅምት ማርያም" ነው የምትላቸው። አንድ ሰዓት ሻንጣ ላይ ተቀምጬ በሩን ሳይ ቆየሁ። ስትመጣ ከአንዲት የጎጃም ሴት ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው እየሳቁ ነው። ስልክ ተለዋውጠዋል። የሴትየዋ ልጅ ነው ያስተረጎመላት። የሌላ ሰው ልጅ እናቴን ሲረዳ እኔ በፈጣኑ መንገድ አልፌ ሻንጣ እጠብቅ ነበር። ያን ቀን ባለቤቴ ቤት ስትሰማ ምን እንዳለችኝ አልጽፍም።

አሁን ከእናቴ ጋር ስጓዝ የከፈልኩበትን ትቼ በነፃው ነው የምገባው። ሞባይል ፓስፖርት ኮንትሮል የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ። ማመልከቻ የለው፣ ቃለ መጠይቅ የለው፣ ክፍያ የለው። ዜጋም ግሪን ካርድ ያለውም ይጠቀምበታል፤ ቤተሰብ በአንድ ስልክ ተመዝግቦ አንድ ላይ ይቀርባል። ደለስ ላይ የራሱ መስመር አለው። በዓመት አንዴ ብቻ ለምትሄዱ መጀመሪያ ይህንን ሞክሩት። ግሎባል ኤንትሪ ለኔ ዋጋውን የሚያወጣው ብቻዬን ስመላለስና አገር ውስጥ ስበር ነው፤ ቲኤስኤ ፕሪቼክ የሚባለው የኤርፖርት ፈጣን የፍተሻ መስመር አብሮት ይመጣል፣ ቀበቶ ፍታ ብሎ ነገር ይቀራል። እሱም ቢሆን የአባልነት ቁጥሩ ትኬቱ ላይ ካልገባ፣ ስሙም ካልገጠመ አይሠራም። አንዴ ትኬት የቆረጠልኝ ሰው የአባቴን ስም መጨረሻ ላይ አድርጎት እንደማንኛውም ሰው ተሰለፍኩ።

ወደ ሳሎኑ ልመለስ። ቋንጣው ለጎረቤት ተሰጠ፣ በሚዛኑ ኪራይ። እናቴ አኩርፋ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ቦርሳዬን እየከፈተች የካርዶቼን ብዛት ትታዘባለች። ቢጫ ካርዴን አወጣች፤ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 270 መሠረት ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው፣ ቦሌ ያለ ቪዛ የምገባበት። የራሷን ግሪን ካርድ ከጎኑ አደረገች።

"አረንጓዴ አለ፣ ቢጫ አለ" አለች። "ቀዩስ?"

"ቀዩማ ሻንጣው ውስጥ ነው። አምስት ኪሎ በርበሬ።"

ሳቀች፣ ኩርፊያው አለቀ መሰለኝ።

አላለቀም ነበር። ደለስ፣ መውጫው ላይ ኦፊሰሩ ምግብ ይዛችኋል ወይ አለን። አዎ ብዬ ዘረዘርኩ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ድፎ ዳቦ። እናቴ በአማርኛ ጣልቃ ገባች። "ቋንጣዬን አስጥሎኝ ነው የመጣሁት፣ ንገረው!"

"ምን አሉ?" አለ ኦፊሰሩ።

ምን ላድርግ? ተረጎምኩለት። ሳቀና እሷን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"አየህ" አለችኝ ጋሪውን እየገፋን ስንወጣ፣ "እሱ እንኳ አዘነልኝ።"