ከፓይተን 2.7 ወደ ፓይተን 3፦ አማርኛ የሚያስተናግድ ፕሮግራም ሳሻግር ያየሁት

ያሻገርኩት በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም የደንበኞችን ዝርዝር ከሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ሰንጠረዥ) አንብቦ የክፍያ ማስታወሻ በአማርኛ በኤስኤምኤስ ይልካል። ሰርቨሩ ሊኑክስ ነው፤ ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ሠራተኞች ግን ያንኑ ኮድ ዊንዶውስ ላይ ያስኬዱታል። የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ስለተቋረጠና ላይብረሪዎቹም (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸው ዝግጁ ኮዶች) ለ2.7 አዲስ እትም ማውጣት ስላቆሙ እዚያው መቆየት አይቻልም ነበር።

ኮዱን ከመንካቴ በፊት አሮጌው ፕሮግራም ከአንድ የተመረጠ የመረጃ ቅጂ ያወጣውን ውጤት ሁሉ አስቀመጥኩ። ቀጥሎ እዚያው 2.7 ላይ እያለሁ በየፋይሉ ራስ ላይ የፓይተን 3ን ጠባይ ወደ 2.7 ከሚያመጣው ከፊውቸር የሚመጡትን ፕሪንት ፋንክሽን፣ ዲቪዥንና ዩኒኮድ ሊተራልስ ጨመርኩ። በየደረጃው ውጤቱን ከተቀመጠው ጋር አስተያየሁ። ኮዱ በሁለቱም እትም እስኪሠራ ድረስ አሮጌውን አልጣልኩም፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ቢቀይሩት ስህተቱ ከየትኛው ለውጥ እንደመጣ መለየት ያስቸግራል።

የሰዋስው ለውጡ ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ቆሞ መስመሩን ይነግርዎታል። ባዶ ዋጋና ቁጥር የተቀላቀሉበትን ዝርዝር በቅደም ተከተል ማስቀመጥም እንደዚሁ ነው፦ ፓይተን 2 ዝም ብሎ ይደረድረዋል፣ ፓይተን 3 እምቢ ይላል። የሚያስፈራው ሳይቆም ውጤቱን የሚቀይረው ነው።

ፊደል ቆጠራውን እንውሰድ። በፓይተን 2 ከፋይል የመጣ ጽሑፍ የባይት ክምር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የሚጽፍ ሥርዓት) ሦስት ባይት ስለሚይዝ «ሰላም» ርዝመት በሚቆጥረው በሌን ሲቆጠር 9 ይሆናል። አሮጌው ኮድ ይህን ለማካካስ ርዝመቱን ለ3 ያካፍል ነበር። ያኔም ትክክል አልነበረም፤ ክፍት ቦታና አኃዝ አንድ ባይት ብቻ ናቸው። ፓይተን 3 ላይ «ሰላም» በትክክል 3 ሆኖ ይቆጠራል፣ ማካካሻው ግን እንደገና ለ3 ያካፍለዋል። የአማርኛ ኤስኤምኤስ በአንድ መልእክት 70 ፊደል፣ ከበዛና ሲከፋፈል ደግሞ በየክፍሉ 67 ነው የሚይዘው። ስለዚህ 200 ፊደል ያለው ማስታወሻ ለ3 ተካፍሎ 67 ገደማ ይሆንና ፕሮግራሙ እንደ አንድ መልእክት ይመዘግበዋል፤ የሚላከው ግን በሦስት ክፍል ነው። ስህተት የሚል ነገር የትም አይታይም። በኮዱ ውስጥ በ3 የሚያባዛና የሚያካፍል መስመር ሁሉ አንድ በአንድ ፈልጌ አየሁ።

ሁለተኛው ዊንዶውስ ላይ ነው። ፋይል ሲከፈት ኢንኮዲንግ (ፊደሉ በባይት የተጻፈበት ሥርዓት) ካልተነገረው ፓይተን 3 የማሽኑን ነባሪ ይወስዳል። ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዩቲኤፍ-8 ነው፤ እንግሊዝኛ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት የተሠራው ሲፒ1252 ነው። «ሰላም» ያለበት ፋይል በዚህ ሲነበብ ይወድቃል፤ የ«ም» የመጨረሻ ባይት 9ዲ በሲፒ1252 ቦታ የለውምና። «አበበ» ግን ሁሉም ባይቶቹ ቦታ ስላላቸው ያለምንም ተቃውሞ ያልፋል፣ ትርጉም የለሽ ዘጠኝ ምልክት ሆኖ። ስለዚህ ሁለት ስም ይዞ የሞከረ ሰው ደህና ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። መሞከሪያ ፋይሌ ውስጥ ፊደል ገበታውን ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ከነቁጥሩና ከነነጥቦቹ አስገባሁ።

መጻፍ ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ፋይሉ ለመጻፍ ሲከፈት አስቀድሞ ይጸዳል፤ ከዚያ ሲፒ1252 አማርኛውን መጻፍ ሲያቅተው ፕሮግራሙ ይቆማል፣ የነበረው ዝርዝርም ጠፍቷል። አሁን ሁልጊዜ በሌላ ስም ጽፌ ሲጨርስ እተካዋለሁ።

ለሲኤስቪ የመረጥኩት ዩቲኤፍ-8-ሲግ ነው፤ ፋይሉ ራስ ላይ መለያ ምልክት የሚጨምር ዩቲኤፍ-8። ኤክሴል በሁለት ክሊክ ሲከፍተው አማርኛውን የሚያውቀው ራሱ ላይ ባለው ምልክት ነው። ያንን ፋይል በተራ ዩቲኤፍ-8 ካነበቡት ምልክቱ ከመጀመሪያው ዓምድ ስም ጋር ይጣበቅና ዓምዱ የለም ይላል፤ ዩቲኤፍ-8-ሲግ ምልክቱ ቢኖርም ባይኖርም ያነባል። ፋይሉ ሲከፈት ኒውላይን የሚባለውን የመስመር ማብቂያ ምርጫ ባዶ ማድረግም አይረሳ፤ አለዚያ ዊንዶውስ ላይ በየረድፉ መካከል ባዶ መስመር ይገባል።

ገንዘብ ላይ ያየሁት አጭር ነው፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ቁጥር የሚያጠጋጋው ራውንድ 2.5ን በፓይተን 2 ወደ 3 ያደርሰዋል፣ በፓይተን 3 ግን ወደ 2፤ እኩል መሐል ላይ ያለውን ወደ ተጋማሹ ቁጥር ስለሚወስድ። ስሌቱን ወደ ዴሲማል (የአሥርዮሽ ቁጥርን በትክክል የሚይዝ የፓይተን የቁጥር ዓይነት) አዛውሬ ግማሹ ወደ ላይ እንዲሄድ በግልጽ አዘዝኩት። ከተቀመጠው ውጤት ጋር ሳላስተያይ ይህን አላገኘውም ነበር።

ኢንኮዲንግ ያልተጻፈባቸውን መስመሮች ለማደን ከ3.10 ጀምሮ ያለው ዋርን ዲፎልት ኢንኮዲንግ የሚባለው ትእዛዝ ብዙ ድካም ያስቀራል። ከ3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8 በሁሉም ማሽን ነባሪ እንዲሆን ተወስኗል። እኔ ግን በየመስመሩ የጻፍኩትን አላነሳውም፤ ያው ኮድ 3.9 በተጫነበት ዊንዶውስም ላይ መሥራት አለበት።