ሜትሩን አጥፍቼ አምስት ስታዲየም

ዋሺንግተን ላይ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ናሽናልስ ፓርክ የሚባለው የቤዝቦል ስታዲየም በር ላይ ያወረድኩት ሰው ቁጥር ስፍር የለውም፤ እኔ ግን አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም ነበር። ማታ ማታ ኔቪ ያርድ ባቡር ጣቢያ አካባቢ መኪና ውስጥ ሆኜ ከውስጥ የሚመጣውን ጩኸት እሰማለሁ። ጩኸት ለኔ ትርጉሙ አንድ ነበር፤ ሰው ሊወጣ ነው፣ ሞተር አስነሳ።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ በሰፈር የቤዝቦል ቡድን ሁለተኛ ቤዝ የሚባለው ቦታ ላይ ይጫወታል። ቅዳሜ ጠዋት እወስደዋለሁ፣ እሱ ሜዳ ይገባል፣ እኔ የሌሊቱን ድካም መኪና ውስጥ እተኛለሁ። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ "አባዬ፣ ዛሬ እንዴት ነበርኩ?" አለኝ። "ጎበዝ ነበርክ" አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ "ተቀያሪ ነበርኩ እኮ፣ አልገባሁም" አለኝ። እስከ ቤት ድረስ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

በዚያ ሳምንት ነው ሰመር ላይ፣ ማለትም በኛ ክረምት፣ ሥራ ዘግቼ አምስት ስታዲየም ላሳየው ቃል የገባሁት። ዋሺንግተን፣ ባልቲሞር፣ ፊላደልፊያ፣ ኒውዮርክ፣ ቦስተን። አይ 95 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ለሚሄድ ሰው አምስቱም በአንድ መስመር ናቸው፤ ጫፍ እስከ ጫፍ 440 ማይል ገደማ። ትልቁ የቤዝቦል ሊግ 30 ቡድን አለው፣ እያንዳንዱ በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል፣ ግማሹን በሜዳው። ስለዚህ ጨዋታ ማግኘት አይከብድም። ወጥመዱ ጁላይ አጋማሽ ላይ ነው፤ የኮከቦች ጨዋታ ስለሚደረግ ሊጉ ለጥቂት ቀናት ያርፋል። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ልክ በዚያ ሳምንት ነበር፤ ልጄ ነው ያዳነኝ። ወደ ኦገስት ገፋነው።

የመጀመሪያው ቀን እዚሁ ከተማችን ነው። ፓርኪንግ የሚሠሩት ሰው ሀበሻ ናቸው፣ ለዓመታት በመስኮት ሰላም ስንባባል የኖርን። "ጋሼ፣ ዛሬ ጨዋታ ልገባ ነው" ስላቸው ልጄን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ "ምነው፣ ሥራ ጠፋ እንዴ?" አሉኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁት።

ተቀምጠን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቼ ጉልበቴን መደብደብ ጀመሩ። ፒቸሩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ኳሱን ያሻሻል። ኮፍያውን ያስተካክላል። ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ ወደሚይዘው ካቸር ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደገና ያያል። ጭንቅላቴ ውስጥ የታክሲው ሜትር ይቆጥራል፤ ይሄኔ ኤርፖርት ደርሼ ተመልሼ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ለፒቸሩ ሰዓት ተደርጎበታል፤ ቤዝ በሚባሉት የሯጮች ማረፊያዎች ላይ ሰው ከሌለ በ15 ሴኮንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ጨዋታው ራሱ ግን እንደ እግር ኳስ 90 ደቂቃ የሚባል ነገር የለውም፤ ሁለቱም ቡድኖች በተራ የሚመቱበት ዙር ኢኒንግ ይባላል፣ ዘጠኝ ኢኒንግ እስኪያልቅ ነው፣ እኩል ከሆኑም አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላል። አምስተኛው ላይ "እንሂድ?" አልኩት። ፊቱን አይቼ መልሼ ተቀመጥኩ።

መላ ያገኘሁት ባልቲሞር ነው። ካምደን ያርድስ 1992 ሲከፈት የድሮ ስታዲየም መልክ ይዞ ነው የተሠራው፣ ከሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹም እሱን ተከትለዋል። ከቀኝ ሜዳው ጀርባ ረጅም የቀይ ጡብ መጋዘን አለ፣ የድሮ የባቡር ድርጅት። በመጋዘኑና በሜዳው መሀል ባለው መንገድ ላይ፣ ሆም ረን የተመታ፣ ማለትም አጥሩን አልፎ የወጣ፣ ኳስ ያረፈበት ቦታ ሁሉ የነሐስ ምልክት ተቀብሯል። ልጄ አጎንብሶ እያንዳንዱን ካላነበብኩ አለ። መጋዘኑን እስካሁን በመደበኛ ጨዋታ የመታው የለም፤ ኬን ግሪፊ ጁኒየር 1993 በሆም ረን ውድድር ላይ መትቶታል፣ ለሱም ምልክት አለው።

አጠገባችን የተቀመጡት ሽማግሌ ጭናቸው ላይ ትልቅ ደብተር ዘርግተው በእርሳስ ይጽፋሉ። ልጄ አንገቱን ሲያሰግግ አይተው አንድ ገጽ ቀደው ሰጡት። እያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥር አለው፤ ፒቸር 1፣ ካቸር 2፣ እያለ እስከ መሀል ሜዳው 8፣ ቀኝ ሜዳው 9 ድረስ። "6፣ 4፣ 3" ብለው ከጻፉ ኳሱ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሀል ከሚቆመው ሾርትስቶፕ ወደ ሁለተኛ ቤዝ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ሄዶ ሁለት ሰው ወጥቷል ማለት ነው። መቺው ሦስቴ ስቶ ከወጣ "ኬ" የምትባለዋን ፊደል ይጽፋሉ፤ ሳይሞክር ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ሦስተኛው ኳስ ካለፈው ደግሞ "ኬ"ዋን ገልብጠው ነው። ይቺ የተገለበጠች ፊደል በጣም አሳቀችኝ። ሰውየው አልሞከረም፣ ለዘላለም ተጽፎበት ይኖራል።

እኔም እንግድነቴን ላለማሳየት፣ እኛም ዘንድ ዱላና ኳስ እንዳለ፣ በገና ዕለት ሩር እየተመታ እንደሚዋል ነገርኳቸው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚለውን ልጄ ሊተረጉምላቸው ሞከረ፣ ተበላሸበት፣ ሽማግሌው ግን ሳቁ። ከዚያ በኋላ ፒቸሩ ኮፍያውን ሲነካካ እኔ የማየው እርሳሱን ሆነ። ሜትሩ መቼ እንደቆመ አላውቅም።

ፊላደልፊያ ዝናብ ነው። የቡድኑ አረንጓዴ አሻንጉሊት ልብስ የለበሰው ፋናቲክ ሲጨፍር አይተን ሳንጨርስ ሠራተኞቹ ተሯሩጠው ትልቁን ሸራ ሜዳው ላይ ጎተቱት። ከአንድ ሰዓት በላይ ኮሪደር ላይ ቆምን። ያን ጊዜ ባለቤቴ ያሰረችልንን ዳቦ ቆሎ ከፈትን፣ ልጄም የባልቲሞሩን ወረቀት አውጥቶ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበልኝ። ማን መታ፣ ማን ያዘ፣ ኳሷ በየት በኩል ዞረች፣ ሁሉም እዚያ አለ። ለሚሄድ ሰው የምለው፣ ዝናብ ሲመጣ ቲኬቱን እንዳትጥሉ፤ ጨዋታው ከተሰረዘ ለምትክ ቀኑ ያገለግላል። የዝናብ ልብስም ያዙ፣ ጃንጥላ ከኋላ ያለውን ሰው ይከልላል።

ኒውዮርክ ላይ የደረሰብኝን መጻፍ አልፈልግም ነበር። ብሮንክስ ያንኪ ስታዲየም ደረስን፤ በሩ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ያለ፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ። ቡድኑ ሌላ ከተማ ነው። የጨዋታ ሰሌዳው ላይ ከተጋጣሚው ስም ፊት እንደ ኢሜይል ያለች ክብ ምልክት ካለች "እዚያ ሄዶ ይጫወታል" ማለት ነው፤ እኔ ጌጥ መስላኝ ነበር። ቲኬት እዚያው ስንደርስ ይረክሳል ብዬ ቀድሜ አለመግዛቴ በጀን። ልጄ ስልኬን ተቀብሎ ሁለት ደቂቃ ሳይፈጅ፣ "አባዬ፣ ሜትስ ዛሬ ቤታቸው ናቸው" አለ። ሁለቱ የኒውዮርክ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ እየተፈራረቁ ነው ከተማው ውስጥ የሚጫወቱት። ድልድዩን ተሻግረን ኩዊንስ ገባን፤ የመንገድና የድልድይ ክፍያ በራሱ የሚከፍለው ኢዚ ፓስ የሌለው ሰው በዚህ መስመር ባይወጣ ይሻለዋል።

በሜትስ ስታዲየም፣ በሲቲ ፊልድ፣ ዋናው በር ስትገቡ አዳራሹ በጃኪ ሮቢንሰን ስም ነው፣ መሀሉ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሰማያዊ 42፣ የማልያው ቁጥር፣ ቆሟል። ሮቢንሰን ኤፕሪል 15፣ 1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ሲሰለፍ በዘመናዊው ትልቅ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ፤ ከ1997 ጀምሮ ቁጥሩን የትኛውም ቡድን አዲስ ለሚመጣ ተጫዋች አይሰጠውም። ልጄ ይህን ትምህርት ቤት ተምሮታል፣ ለኔ ነው አዲስ የሆነው። ቁጥሩ ሥር ቆሞ ፎቶ አነሳሁት፣ ከዚያ "አሁን አንተ" ብሎ ስልኩን ተቀበለኝ።

ቦስተን የባለቤቴ የአጎት ልጅ ጋ አደርን። "ምሳ ሳትበሉማ አትወጡም" ብላ ልታስቀረን ነበር። መኪናውን ሪቨርሳይድ ጣቢያ አቁመን ግሪን ላይን በሚባለው ባቡር ገባን፤ የቦስተኑ ስታዲየም ፌንዌይ አጠገብ የሚጠየቀው የፓርኪንግ ዋጋ የሁለታችንን ቲኬት ይገዛል። ፌንዌይ 1912 ነው የተከፈተው። በግራ በኩል 11 ሜትር ከፍታ ያለው አረንጓዴ ግንብ አለ፣ ግንቡ ውስጥ ሰው ተቀምጦ ውጤቱን ቁጥር በቁጥር በእጁ ይለጥፋል። በቀኝ በኩል ሩቅ፣ በአረንጓዴዎቹ ወንበሮች መሀል አንድ ቀይ ወንበር አለ። ጁን 9፣ 1946 ቴድ ዊሊያምስ የመታው ኳስ 502 ጫማ ተጉዞ እዚያ የተቀመጠን ሰው ባርኔጣ በስቷል። ቀይዋ ወንበር ላይ ሆኜ ወደ መቺው ቦታ ሳይ ሰው ትንኝ ያክላል።

ወንበራችንን ግን የገዛሁት ርካሽነቱን አይቼ ነው። ቲኬቱ ላይ በትንሽ ጽሑፍ "እይታ ይከለላል" የሚል ነበረበት፣ አላነበብኩትም። የድሮ ስታዲየም ነውና ጣሪያውን የያዘው የብረት ምሰሶ ልክ በኔና በመቺው መሀል ቆመ። ልጄ ቦታ እንቀያየር አለኝ፣ እንቢ አልኩ። ወረቀቱንና እርሳሱን አቀበለኝ።

እሱ ያያል፣ እኔ እጽፋለሁ። "ሾርትስቶፕ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ!" ይላል፣ 6፣ 4፣ 3 እላለሁ። "ቆሞ ወጣ!" ሲለኝ "ኬ"ዋን እገለብጣለሁ። ዘጠኙንም ኢኒንግ እንዲህ ጨረስን። መቺውን በዓይኔ ሳላየው ያለፈው ጨዋታ ከአምስቱ በጣም የገባኝ ሆነ።

ሰኞ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ኔቪ ያርድ፣ የለመድኩት ቦታ ቆሜያለሁ፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ከውስጥ ጩኸቱ ተነሳ፣ ጨመረ፣ ጨመረ፣ ከዚያ ልክ ጫፍ ሊደርስ ሲል ወደ "ኦ..." ተለወጠና ወደቀ። አንዱ ተጫዋች ኳሱን አጥሩ ሥር ያዘው። ስምንት ይሁን ዘጠኝ አላወቅኩም፤ ልጄን ልጠይቀው ስልኬን አነሳሁ።