ወፍራም ጃኬትና የልጆች የመኪና መቀመጫ

ልጄን መኪና ውስጥ መቀመጫዋ ላይ ከማሰሬ በፊት ወፍራም ጃኬቷን አወልቃለሁ። እናቴ «ኧረ ልጅቷን ብርድ እንዳታስመቺያት!» ትለኛለች። ስጋቷ ይገባኛል። ግን ጃኬቱን ያሳበጠው አየር ነው። መኪና ሲጋጭ ጃኬቱ ይጨመቃል፣ ጠብቆ የነበረው ቀበቶ ይላላል፣ ልጅ ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል። በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ስስ ልብስ እደራርብላታለሁ። ቀበቶውን ካጠበቅኩ በኋላ ትከሻዋ ጋ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ እሞክራለሁ። ታጥፎ ከተያዘልኝ ገና ልል ነው፤ እንደገና አጠብቃለሁ። ከዚያ ብርድ ልብስ ከላይ ጣል አደርግላታለሁ፤ ፊቷን ግን አልሸፍንም። አንዳንዴ ጃኬቱን ጀርባውን ወደ ፊት አዙሬ፣ ከታሰረው ቀበቶ በላይ፣ ከፊት በኩል እጆቿን አስገባላታለሁ። ይሄን በጣም ትወደዋለች።

መኪናው ሲሞቅ ኮፍያዋን አወልቃለሁ። ቀድማችሁ ሞተር የምታሞቁ ደግሞ፣ እባካችሁ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሁን፤ ጭሱ ይገድላል።