የቤታችን ራውተር ላንኳኳ ሁሉ «አቤት» ይል ነበር

ሰሞኑን ደሴ ብርዱ ስለጠና ማታ ማታ ከቤት አልወጣም፣ አንድ ምሽት የራውተራችንን ሴቲንግ ከፍቼ ሎጉን (ከውጭ ማን እንዳንኳኳ የሚመዘግበውን) ሳየው በጣም ደነገጥኩ። የማላውቀው አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ)፣ ፖርት 23 (ፖርት ማለት አድራሻው ላይ ያለ ባለቁጥር በር ነው)፤ ሌላ የማላውቀው አይፒ፣ አሁንም 23፤ አለፍ አለፍ ብሎ 2323 እና 7547። ወደታች ባወርደው ባወርደው አያልቅም።

እኛን ብሎ የመጣ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር፣ ግን እንደዛ አይደለም። የአይፒቪ4 (የተለመደው የአይፒ ዓይነት) አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዜድማፕ የሚባል አድራሻ እያንኳኳ የሚያይ ፕሮግራም ደግሞ ፈጣን መስመር ላይ ካለ አንድ ፖርት ይዞ ሁሉንም ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንኳኩቶ ይጨርሳል። ስለዚህ እዚህ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ ቤትም ተራው ይደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የሚባለው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) የተስፋፋው በዚሁ መንገድ ነው፣ ቴልኔት (እቃን ከሩቅ ማዘዣው፣ ፖርት 23) ክፍት የሆነ ካሜራና ራውተር እየፈለገ ከፋብሪካ የመጣውን ፓስወርድ ይሞክራል፣ ከገባ በቃ እቃው የሱ ነው።

ኮምቦልቻ ያለው ጓደኛዬ ጋ ደወልኩና አይፒያችንን ሰጥቼ በኤንማፕ (የትኛው ፖርት ክፍት እንደሆነ በሚያሳይ ፕሮግራም) ስካን አርገኝ አልኩት፣ ምክንያቱም ከራስ ዋይፋይ ላይ ሆኖ መሞከር የውስጡን በር ማየት ነው፣ ከውጭ ምን እንደሚታይ አይነግርህም። ቴልኔት ኦፕን፣ 80 ኦፕን አለኝ። 80ው ምንድነው ብዬ ሳጣራ አባባ ግቢ ላይ ያስገጠሙት ካሜራ ሆኖ ተገኘ፣ ፓስወርዱም ከካርቶኑ እንደወጣ ነው። እማዬ ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ግቢ የምትጠርግበትን የሚያሳይ ካሜራ እኮ ነው! ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ቀየርኩ፣ ቴልኔትና ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማዘዝ የሚያስችለውን ዘጋሁ፣ የካሜራውን ፖርት ፎርዋርድ (ከውጭ የመጣውን ወደ ካሜራው የሚመራውን) አጠፋሁ። ጓደኛዬ ድጋሚ ሲያየው 80 አሁንም ኦፕን ነው! ሁለታችንም ግራ ገባን፣ ለካ ዩፒኤንፒ (የቤት እቃ ራሱ ፖርት እንዲያስከፍት የሚፈቅደው ሴቲንግ) በርቶ ስለነበር ካሜራው ራሱ ራውተሩን ጠይቆ በሩን መልሶ ያስከፍት ኖሯል። ዩፒኤንፒን አጥፍቼ ሁለቱንም ሪስታርት ሳደርግ ተዘጋ። የናንተንም ቤት እዩት፣ ብዙ ራውተር ላይ ሲመጣ ጀምሮ የበራ ነው።

ከዛ ራውተሩን ዝም ወደማሰኘቱ መጣን። ፖርት ሲዘጋም ራውተሩ «ዝግ ነው» ብሎ መልስ ሊሰጥ ይችላል፣ ይሄ በር ሲንኳኳ ልጅ ወጥቶ «ጋሼ የሉም» እንደሚለው ነው፣ ሰው እንዳለማ ታወቀ። ፋየርዎሉን (የራውተሩን ዘበኛ) ሪጀክት ከሚለው ወደ ድሮፕ ስቀይረው ግን ጥያቄውን ውጦ ዝም ይላል፣ ኤንማፕም ፊልተርድ (ክፍት ይሁን ዝግ አልታወቀም) ብሎ ያልፈዋል። ለፒንግም («አለህ ወይ?» ለሚለው መልእክት) እንዳይመልስ አረግኩት።

ሙሉ በሙሉ ተሰወርን ማለት ግን አይደለም። አድራሻው እውነት ባዶ ቢሆን ብዙ ጊዜ ከኛ በፊት ያለው ራውተር «አይደረስም» የሚል መልስ ይልካል፣ ስለዚህ ለሚያውቅ ሰው ዝምታውም ምልክት ነው። እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዝምታው ሳይሆን ከጀርባው ክፍት ነገር አለመኖሩ ላይ ነው፣ ድሮፕ አርጎ ቴልኔትን ክፍት መተው ምንም አይጠቅምም።

ሌላ ነገር፣ ራውተራችሁ ገጽ ላይ ያለው የውጭ አይፒ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ አንዱን የውጭ አድራሻ ከሌላ ደንበኛ ጋር ተጋርታችኋል ማለት ነው፣ ያኔ የውጭ ስካን በቀጥታ እናንተ ጋ አይደርስም። ፓስወርዱን ግን ያም ሆኖ ቀይሩ።

አባባ ሱቅ ሆነው ግቢውን ማየት ስለቀረባቸው ትንሽ ቅር ብሏቸዋል። ቪፒኤን (ከውጭ ሆኖ በተመሰጠረ መስመር ወደ ቤት ኔትወርክ መግቢያ) ልገጥምላቸው እየሞከርኩ ነው፣ እስከዛ ለእማዬ ይደውላሉ።