የኤሲዬ ጋዝ ወዴት ይሄዳል? የስምንት ወር ማስታወሻ

ደሴ ላይ ኤሲ ማን ይፈልጋል? ጦሳ ሥር የሚያድር ሰው የሚናፍቀው ማሞቂያ ነው። እኔ ግን ከክረምት በቀር ለሥራ በወር አንዴ ሁለቴ ቆላው ሚሌ እወርዳለሁ። ባቲን አልፋችሁ ቁልቁለቱን ስትጨርሱ መስኮት መክፈት ምጣድ ላይ ማጎንበስ ነው። ስለዚህ የኮሮላዬን ኤሲ ራሴ ልማረው ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ጋዝ አስሞላሁ፤ ሁለት ወር ቀዘቀዘ። ደግሜ አስሞላሁ፤ በስድስተኛው ሳምንት ሞቀ። የሞላልኝ ልጅ "ጋዝ እኮ ያልቃል፣ እንደ ቤንዚን ነው" አለኝ። አመንኩት። ጋዙ ግን አይቃጠልም። ተዘግቶ ነው የሚዞረው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከጎደለ የሆነ ቦታ ወጥቷል።

ጋዙ ሲወጣ ዘይትም ይዞ ስለሚወጣ፣ ቀዳዳው አጠገብ አቧራ ይለጠፋል። የመንገድ ጠጠር ኮንደንሰሩን (ከፊት ያለውን፣ ጋዙ የሚበርድበትን ራዲያተር መሰል ክፍል) ወግቶት ይሆናል ብዬ በባትሪ ፈተሽኩት። ንጹሕ።

ከዚያ ከአንድ ፍሪጅ ጠጋኝ ወዳጄ የቫኪዩም ፓምፕ፣ ማለትም ውስጡን አየር መጥጦ የሚያወጣ መሣሪያ ተዋስኩ። እዚህ ግማሽ ቀኔ በከንቱ ሄደ። መመሪያው ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 30 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ይድረስ ይላል፤ የኔ 22 ላይ ተገተረ። የፓምፑን ዘይት ቀየርኩ፣ ቱቦዎቹን አጠበቅሁ፤ ያው 22። ለካ 30 የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው! ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ እዚህ 22 ማለት ጥርግ ያለ ቫኪዩም ነው። ኮምቦልቻ ብወርድ 24 ገደማ ያሳየኝ ነበር። ጤነኛ ፓምፕ ልጥል ነበር እኮ።

ፓምፑን ዘግተን ቡና ቀረበ። አቦል ላይ አየሁት፣ ጌጁ አልተነቃነቀም። በረካ ላይም ያው። "አብሽር፣ አይፈስም" አለ ወዳጄ። ጋዝ ሞላን። በወሩ ሞቀ።

ብዙ የተማርኩት ከዚህ ነው። በቫኪዩም ጊዜ ግፊቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ያውም ከአንድ ባር (ይህም የግፊት መለኪያ ነው) አይበልጥም። ኤሲው ሲሠራ ግን በሙቁ በኩል ከ10 ባር በላይ ሆኖ ወደ ውጭ ይገፋል። ወደ ውስጥ ሲሳብ ግጥም የሚል ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ)፣ ወደ ውጭ ሲገፋ ሊያሾልክ ይችላል። ቫኪዩም ያዘ ማለት ትልቅ ቀዳዳ የለም ማለት ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ስለዚህ ናይትሮጂን። ጎረቤት ያለ በያጅ "ኦክስጅን አለኝ፣ በሱ ንፉት" ሲል ወዳጄ ከበርጩማው ብድግ አለ። ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ከተገናኘ ይፈነዳል። በናይትሮጂን 10 ባር ሞልተን የሳሙና ውሃ ቀባን። መሙያው ቫልቭ ላይ ትንንሽ አረፋ ብቅ ብቅ አለ። ውስጡ ያለችው ፒን የመኪና ጎማ መንፊያ ውስጥ እንዳለችው አይነት ናት፤ ቀየርናት። ተገኘ ብለን ተጨባበጥን።

ጠዋት ጌጁ 9 ላይ ነበር። ልቤ ተሰበረ፤ ግን ግማሹን የወሰደው የደሴ ብርድ ነው። እኩለ ቀን ሲሞቅ ወደ 9.5 ተመለሰ። 10 ግን አልደረሰም። ሌላ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

በመጨረሻ ከዘይቱ ጋር የሚያበራ ቀለም ጨምረን፣ ጋዝ ሞልተን ሁለቴ ሚሌ ደርሼ ተመለስኩ። ማታ ሰፈሬ ያለው ባለሱቅ ሐሰተኛ ብር የሚለይበትን መብራት አዋሰኝ። ኮፈኑን ስከፍት ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ላይ፣ ከክላቹ ጀርባ ቢጫ አረንጓዴ ያበራል። ክላቹ ሲሽከረከር የረጨው ነጠብጣብም ኮፈኑ ላይ መስመር ሠርቷል። የሚያሾልከው ዘንጉ ላይ ያለው ጎሚኒ ነበር።

ምክንያቱን ሳስበው ጥፋቱ የኔው ነው። ያ ጎሚኒ የሚርሰው ከጋዙ ጋር በሚዞረው ዘይት ነው። እኔ ደግሞ ሚሌ የማልወርድበት ክረምት ሙሉ ኤሲውን አልነካውም። ደርቆ ነው የተበላሸው። አሁን በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ ከማሞቂያው ጋር አበራዋለሁ። ጉም የያዘውን መስታወትም ያደርቅልኛል። "በዚህ ብርድ ኤሲ?" ብለው የሚስቁ ይሳቁ።

ጎሚኒው ተቀየረ። ስርዓቱ ስለተከፈተ እርጥበት የሚይዘው ማጣሪያም ተቀየረ፣ የወጣው ዘይት ተተካ። ጋዙን በዚህ ጊዜ የሞላሁት በሚዛን ነው፤ ግራሙ ኮፈኑ ሥር ተጽፏል። መኪናው ጠፍቶ የሚነበብ ጌጅ እንዳያታልላችሁ። ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ፣ ሙሉም ሆነ ጎዶሎ ያው ቁጥር ነው የሚያሳየው።

ይኸው ሰባተኛ ሳምንቱን ያዘ። ባለፈው ሰኞ የባቲ ገበያ ነበር፤ መንገዱን ግመል ሞልቶት ሞተር ሳላጠፋ ረጅም ሰዓት ቆምኩ። ንፋስ ሳያገኝ ቆሞ መሥራት ለኤሲ ከባዱ ፈተና ነው። ኋላ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው "ልጄ፣ ቀንሰው እንጂ" አሉኝ።